ምዕራፍ አምስት፦ ከብረቱ መጀመር

አሮጌ የቫልቭ ሬዲዮ ጀርባው ሲከፈት ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ቫልቮቹ ላይ ነው። መስታወት ናቸው፣ ሲሠሩ ይግላሉ፣ ስማቸውም በላያቸው ተጽፏል። አጠገባቸው በአቧራ ተሸፍነው የተቀመጡትን፣ ከስስ የብረት ሉሆችና ከመዳብ ሽቦ የተሠሩትን ከባድ ትራንስፎርመሮች ልብ የሚላቸው ጥቂት ሰው ነው። የሬዲዮው ዋና ሀብት ግን እነሱ ናቸው። ቫልቭ ያረጃል፣ ይተካል፤ ካፓሲተር ይደርቃል፣ በትንሽ ገንዘብ ይለወጣል። ጥሩ የድምፅ ትራንስፎርመር አዲስ ልግዛ ያለ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከቀረው አምፕሊፋየር ሁሉ የበለጠ ዋጋ ይጠየቃል። ካልተቃጠለና እርጥበት ካልገባበት ደግሞ ስድሳና ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላም ሥራውን ይሠራል።

ብዙ ጀማሪዎች መንገዱን ገልብጠው ይሄዱበታል። ከመጽሐፍ አንድ የሚያምር ሰርኪዩት ይመርጣሉ፣ እሱ የሚጠይቀውን ትራንስፎርመር ፍለጋ ይወጣሉ፣ ሲያጡት «ይመሳሰላል» ብለው ሌላ ያስገባሉ። ከዚያ ድምፁ ሲሰነጠቅ ወይም ቫልቩ ሲቀላ ጥፋቱን የሚፈልጉት ሌላ ቦታ ነው። ከአሮጌ ዕቃ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ በእጁ ያለውን ብረት፣ ማለትም ትራንስፎርመሩን፣ ይለካል፤ ሰርኪዩቱን የሚመርጠው ብረቱ የነገረውን ከሰማ በኋላ ነው። በዚህ ምዕራፍ ከሁለት አሮጌ ሬዲዮ አንድ ስቴሪዮ አምፕሊፋየር ስንሠራ ይህን ሥርዓት እስከ መጨረሻው እንጠብቃለን። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ሬዲዮ ያስፈለገን በታሪክ ምክንያት ነው። አለን ብሉምላይን ለኢኤምአይ ኩባንያ ሲሠራ የስቴሪዮን ሐሳብ በፓተንት ያስመዘገበው በ1931 ቢሆንም፣ ስቴሪዮ ሸክላ ገበያ ላይ የዋለው በ1958 አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ሬዲዮ በአብዛኛው አንድ የድምፅ መስመር፣ አንድ የኃይል ቫልቭ፣ አንድ የድምፅ ትራንስፎርመር ብቻ አለው። ስቴሪዮ ሁለት እኩል መስመር ይፈልጋል፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት ሞዴል የሆኑ ሁለት ሬዲዮዎች ማግኘት ከሁሉ ይሻላል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ፣ ሸክላ ማጫወቻ ያለበት ትልቅ የሳሎን ስቴሪዮ ሬዲዮግራም ከተገኘ ሁለቱም ትራንስፎርመሮች እዚያው ውስጥ አሉ።

ለዚህ ሥራ የምመርጠው በ1950ዎቹ በአውሮፓ የተሠራውን የጠረጴዛ ሬዲዮ ነው፤ ፊሊፕስ፣ ግሩንዲግ፣ ቴሌፉንከን፣ ሲመንስ፣ ሳባ። ስማቸው ይለያይ እንጂ ውስጣቸው ዘመዳሞች ናቸው። ኤፍኤም ያለው የጀርመን ሬዲዮ የተለመደ አሰላለፍ ይህ ነው፦ ኢሲሲ85፣ ኢሲኤች81፣ ኢኤፍ89፣ ኢኤቢሲ80፣ ኢኤል84፣ እና ጣቢያ ሲስተካከል የሚጠብ የሚሰፋው አረንጓዴ ዓይን ኢኤም80። ስሞቹ በዘፈቀደ የወጡ አይደሉም። የመጀመሪያው «ኢ» ማሞቂያ ክሩ በ6.3 ቮልት እንደሚሠራ ይናገራል። «ኤል» የኃይል ፔንቶድ ነው፤ «ሲ» ትራዮድ፣ ሁለቴ ሲጻፍ ደግሞ በአንድ መስታወት ውስጥ ሁለት ትራዮድ መኖሩን ያሳያል። በ8 የሚጀምረው ቁጥር ዘጠኝ እግር ያለውን ትንሹን መቀመጫ ያመለክታል። ይህን ያወቀ ሰው በገበያ ላይ ቆሞ፣ ሬዲዮው ሳይበራ፣ ምን እንደሚገዛ ያውቃል።

የመጀመሪያው ፊደል «ዩ» ከሆነ ግን፣ ማለትም ዩኤል84፣ ዩሲኤች81፣ ዩዋይ85 ተብሎ ከተጻፈ፣ ጀማሪ ያንን ሬዲዮ ይተው። የ«ዩ» ቫልቮች ማሞቂያ ክሮቻቸው በሰልፍ ተያይዘው በ100 ሚሊአምፔር የሚሠሩ ናቸው፤ እንዲህ ባለ ሬዲዮ ብዙ ጊዜ የኃይል ትራንስፎርመር የለም። ሻንሲው በቀጥታ ከግድግዳው መብራት አንድ ሽቦ ጋር ይገናኛል። ሶኬቱ ተገልብጦ ከተሰካ የብረቱ ገላ 220 ቮልት ይሸከማል። ይህ ሰው የሚገድል ነገር ነው።

በአዲስ አበባ ምናለሽ ተራን የሚያውቅ አንባቢ የተጣለ ዕቃ እንዴት እንደገና ዋጋ እንደሚያገኝ እኔ አልነግረውም። አገራችን በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ ስለምትጠቀም የአውሮፓ ሬዲዮ ትራንስፎርመር ያለ ችግር ይስማማናል። በአሜሪካ የሚኖር አንባቢ ደግሞ ሌላ ዕድል አለው፦ በ1960ዎቹ የተሠሩ አንዳንድ የማግናቮክስ ሬዲዮግራሞች በውስጣቸው 6ቢኪው5 የተባለ ቫልቭ አላቸው፤ የኢኤል84 የአሜሪካ ስሙ ነው። ያን ዕቃ ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያስብ ግን ይጠንቀቅ። ለ60 ኸርዝ ተቆጥቦ የተሠራ ብረት በ50 ኸርዝ ሲሠራ፣ ቮልቱ በመቀነሻ ቢስተካከልለትም፣ ከመጠን በላይ ሊሞቅ ይችላል።

አሁን ወደ ብረቱ። የድምፅ ትራንስፎርመር ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ቫልቩ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ ማየት ይበቃል። ማሞቂያው ክር ካቶዱን ያግለዋል፤ የጋለው ካቶድ ኤሌክትሮኖች ይለቃል። በመስታወቱ ውስጥ አየር ስለሌለ ኤሌክትሮኖቹ 250 ቮልት ወደተሰጠው አኖድ ይሮጣሉ። በመካከላቸው ያለው ቀጭን የሽቦ ጠመዝማዛ ግሪድ ይባላል፤ ከካቶዱ ጥቂት ቮልት ዝቅ ብሎ ስለሚቆም የሚያልፈውን ይቆጣጠራል። የግሪዱ ቮልት በትንሹ ሲወዛወዝ የአኖዱ ከረንት በብዙው ይወዛወዛል። ሊ ዲ ፎረስት ይህን ግሪድ በ1906 አካባቢ ጨምሮ ትራዮድን ሠራ፤ በርናርድ ቴለገን ደግሞ በፊሊፕስ ቤተ ሙከራ በ1926 ሁለት ተጨማሪ ግሪዶች ያሉትን ፔንቶድ ሠራ። በ1950ዎቹ የወጣው ኢኤል84 የዚያ ልጅ ነው። የቮክስ ኤሲ30 የጊታር አምፕሊፋየሮች ዝናቸውን ያገኙት በአራት ኢኤል84 ነው።

ቫልቩ ከፍ ያለ ቮልትና ትንሽ ከረንት አለው። ስፒከር የሚፈልገው በተቃራኒው ነው፤ ጥቂት ቮልት፣ ብዙ ከረንት። ኢኤል84 ከፊቱ 5 ሺህ ኦም ገደማ ጭነት ማየት ይፈልጋል፤ ስፒከሩ ግን 4 ወይም 8 ኦም ብቻ ነው። የድምፅ ትራንስፎርመር እዚህ እንደ ብስክሌት ማርሽ ይሠራል፤ አንዱን ወገን በሌላው ይለውጣል። ለውጡ የሚመራው በሁለቱ ጥቅል የዙር ብዛት ነው፤ የጭነቱ ለውጥ የዙሩ ንጽጽር በራሱ ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ይህች አንዲት ሕግ የምዕራፉ ቁልፍ ናት።

አለካኩ ቀላል ነው። ትራንስፎርመሩን ከሬዲዮው ሙሉ በሙሉ ይለዩ። በቫልቩ በኩል ወዳሉት ሁለት ሽቦዎች፣ ከሬዲዮው የኃይል ትራንስፎርመር የማሞቂያ ጥቅል የሚወጣውን 6.3 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይስጡ። ከዚያ በስፒከሩ በኩል የሚወጣውን ይለኩ። ጭነት የሌለበት የማሞቂያ ጥቅል ከ6.3 ከፍ ሊል ስለሚችል የገባውንም በቴስተር ያረጋግጡ። ርካሽ ቴስተሮች ትንሽ ተለዋዋጭ ቮልት በትክክል አያነቡም፤ ሚሊቮልት የሚያነብ መዋስ ይሻላል።

6.3 ገብቶ 0.21 ቮልት ወጣ እንበል። ንጽጽሩ 30 ነው። 30 በ30 ሲባዛ 900። ሬዲዮው ሲሠራ 5 ኦም ስፒከር ነበረው፤ 900 በ5 ሲባዛ 4,500 ኦም፣ ኢኤል84 ከሚወደው ጋር ይስማማል። ዛሬ በቤታችን ያለው ስፒከር ግን 8 ኦም ነው። 900 በ8 ሲባዛ 7,200 ኦም ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ደንግጦ ትራንስፎርመሩን ይጥለዋል፣ ወይም ቁጥሩን እንዳላየ ያልፈዋል። ሁለቱም ስሕተት ነው። የኢኤል84 የፋብሪካ ሠንጠረዥ በ250 ቮልት ከአንድ በላይ የአሠራር ነጥብ ይሰጣል። አንደኛው 48 ሚሊአምፔር ከ5,200 ኦም ጋር ሲሆን ከ5 ዋት በላይ ያወጣል። ሌላው 36 ሚሊአምፔር ከ7,000 ኦም ጋር ሆኖ 4.2 ዋት ያወጣል። የእኛ ብረት 7,200 ብሎ ተናገረ፤ እንግዲህ ሁለተኛውን መረጠልን ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ሰርኪዩቱ ራሱን ይጽፋል። በ36 ሚሊአምፔር የሚሠራ ኢኤል84 ከሁለተኛው ግሪድ ጋር 40 ሚሊአምፔር ያህል ይጠጣል፤ ግሪዱም ከካቶዱ 8.4 ቮልት ዝቅ ማለት አለበት። 8.4 ለ0.040 ሲካፈል 210 ኦም። በካቶዱ ላይ የምናስቀምጠው ሬዚስተር ይኸው ነው። ቫልቩ የሚያቃጥለው ኃይልም 250 በ0.036፣ 9 ዋት ይሆናል፤ የተፈቀደለት ከፍተኛ መጠን 12 ዋት ነው። አንድ ዋት ያህል ድምፅ አጥተን ረጅም ዕድሜ ያለው ቫልቭ አገኘን። እኔ ይህን ልውውጥ ሁልጊዜ እቀበለዋለሁ፤ በ4 እና በ5 ዋት መካከል ያለውን ልዩነት ጆሮ አይለየውም።

አንድ ወጥመድ አለ። በአንድ ቫልቭ ብቻ የሚነዳ ትራንስፎርመር ቋሚ ከረንት በጥቅሉ ውስጥ ያለማቋረጥ ያልፍበታል፤ ብረቱ በዚያ እንዳይጠግብ በሉሆቹ መካከል ስስ ወረቀት ተደርጎ ክፍተት ይተውለታል። ሁለት ቫልቮች በግፊትና በስበት የሚነዱት ትራንስፎርመር ግን ክፍተት የለውም፤ በእኛ ሥራ ላይ ከዋለ ባሱ ይጠፋል፣ ድምፁ ይሰነጠቃል። የግፊትና የስበቱ ትራንስፎርመር በቫልቩ በኩል ሦስት ሽቦ አለው። ሦስት ሽቦ ያየ ሁሉ ግን አይጣለው። ብዙ የጀርመን ሬዲዮዎች በአንድ ቫልቭም እየሠሩ የመብራቱን ጉምጉምታ ለማጥፋት ሦስተኛ ሽቦ ያወጣሉ። መለያው ይህ ነው፦ በኦም ሲለካ ሦስተኛው ሽቦ ጥቅሉን እኩል ለሁለት የሚከፍል ከሆነ የግፊትና የስበት ነው፤ ወደ አንድ ጫፍ በጣም ቀርቦ ከተገኘ የአንድ ቫልቭ ነው፣ ለእኛ ይሆናል።

ሁለተኛው ብረት የኃይል ትራንስፎርመሩ ነው፤ እሱም ሳይለካ አይታመንም። በአሮጌው ሬዲዮ ውስጥ ማሞቂያ ክሮቹ የሚጠጡትን እንደምር፦ ኢሲሲ85 0.435፣ ኢሲኤች81 0.3፣ ኢኤፍ89 0.2፣ ኢኤቢሲ80 0.45፣ ኢኤም80 0.3፣ ኢኤል84 0.76። ድምሩ 2.4 አምፔር ያልፋል፤ የመደወያው አምፑሎች ገና አልተቆጠሩም። የእኛ አምፕሊፋየር ሁለት ኢኤል84 እና ድምፁን አስቀድሞ የሚያጎላላቸው አንድ ኢሲሲ83 ብቻ ነው፦ 0.76 ሁለት ጊዜ ሲደመር 0.3፣ 1.82 አምፔር። ስለዚህ የአንዱ ሬዲዮ ትራንስፎርመር ብቻውን የስቴሪዮውን ማሞቂያ በምቾት ይችላል።

በከፍተኛው ቮልት በኩል ሒሳቡ ጠበብ ይላል። ሁለቱ ኢኤል84 80 ሚሊአምፔር፣ ኢሲሲ83 ሁለት ያህል፤ በጠቅላላው 82። አሮጌው ሬዲዮ ስንት ይሰጥ እንደነበር የሚናገረው የሴሌኒየም ሬክቲፋየሩ ነው። በላዩ «ቢ250ሲ75» ወይም «ቢ250ሲ90» የሚል ጽሑፍ ይገኛል፤ የመጀመሪያው ቁጥር ቮልት፣ የመጨረሻው ሚሊአምፔር ነው። 90 ወይም 100 ከሆነ አንድ ትራንስፎርመር ይበቃናል። 75 ከሆነ ግን ብረቱን አናስጨንቀው፤ ሁለት ሬዲዮ አለን፣ ሁለት የኃይል ትራንስፎርመር አለን፣ ለየመስመሩ አንዳንድ እንስጥ። አምፕሊፋየሩ ይከብዳል፣ ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ቢበራ ብረቱ ከመጠን በላይ አይሞቅም።

ሴሌኒየሙ ራሱ ይወገዳል። ያረጀ ሴሌኒየም ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ መርዛማና እጅግ የሚከረፋ ነው። በቦታው አራት 1ኤን4007 ዳዮዶች ይገባሉ። ዳዮዶቹ እንደ ሴሌኒየም ቮልት ስለማይበሉ ውጤቱ ከቀድሞው ከፍ ይላል፤ ያንን ትርፍ ወደ ጥቅም እንለውጠዋለን። ከዳዮዶቹ በኋላ 310 ቮልት አገኘን፣ የምንፈልገው ደግሞ 275 ነው እንበል፦ 250 ለቫልቩ፣ 8.4 ለካቶዱ ሬዚስተር፣ የቀረው በትራንስፎርመሩ ጥቅል ውስጥ የሚጠፋው። 35 ቮልት ለ0.082 ሲካፈል 427 ኦም፤ ከዚያ ከፍ ብሎ ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው 470 ነው። ከ3 ዋት በላይ ስለሚያቃጥል ባለ 10 ዋት ይሁን። ይህ ሬዚስተር በሁለት 47 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች መካከል ሲቀመጥ ቮልቱን ከመቀነሱም በላይ ጉምጉምታውን ያጣራል። በሴሌኒየም ፈንታ ኢዜድ80 የተባለው የቫልቭ ሬክቲፋየር ያለበት ሬዲዮ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ካፓሲተር ከ50 ማይክሮፋራድ እንዳይበልጥ፤ ሲበራ የሚጠባው ከረንት ቫልቩን ይጎዳል።

ካፓሲተሮችን በተመለከተ አቋሜ ጽኑ ነው፦ ከአሮጌው ሬዲዮ አንድም እንዳይወሰድ። በሰም የተነከሩት የወረቀት ካፓሲተሮች ሁሉም ያፈስሳሉ ብዬ ነው የምነሣው። ከሁሉ የሚያሰጋው በኢሲሲ83 አኖድና በኢኤል84 ግሪድ መካከል ያለው ነው። እሱ ሲያፈስስ ግሪዱ ወደ ላይ ይሳባል፣ ከረንቱ ይጨምራል፣ አኖዱ ይቀላል፤ ሰው ሳያየው ከቆየ የድምፅ ትራንስፎርመሩ ጥቅል ይበጠሳል። ሰባ ዓመት የተረፈው ብረት የጥቂት ብር ዕቃ ባለመለወጡ ይጠፋል። እዚህ ቦታ አዲስ ባለ 630 ቮልት የፕላስቲክ ፊልም ካፓሲተር ይግባ። የካርቦን ሬዚስተሮችም ከዕድሜ ጋር ከተጻፈባቸው ወደ ላይ ስለሚሸሹ አንድ በአንድ ይለኩ። የቫልቭ መቀመጫዎች፣ የድምፅ መቆጣጠሪያ ቁልፎች፣ ሻንሲው፣ ስፒከሩ ራሱ ግን ከጸዱ በኋላ ያገለግላሉ።

ስለ ቫልቭ ብራንድ ብዙ ይወራል። በታቹ የአልማዝ ምልክት ያለበትን የቴሌፉንከን ኢሲሲ83 ለማግኘት ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉ አሉ። ጥሩ ቫልቭ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን በአዲስ ካፓሲተርና በትክክል በተለካ ብረት የሚገኘውን ለውጥ አይሰጥም። የሶቪየቱ 6ፒ14ፒ ኢኤል84ን በቀጥታ ይተካል። የሶቪየቱ 6ኤን2ፒ ግን ኢሲሲ83ን ቢመስልም የማሞቂያ እግሮቹ አገናኝ የተለየ ስለሆነ ሽቦው ካልተቀየረ አይሠራም።

የአምፕሊፋየሩ ሰርኪዩት ራሱ አጭር ነው። ሥሩ በ1950ዎቹ የብሪታንያው መላርድ ኩባንያ 3-3 ብሎ ያወጣው፣ በሦስት ቫልቭ 3 ዋት የሚሰጠው ንድፍ ነው። የእኛው ከዚያም ይቀልላል፤ ኢሲሲ83 በውስጡ ሁለት ትራዮድ ስላለው አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ ይሆናል። ትራዮዱ የገባለትን ድምፅ ከ50 እስከ 60 ጊዜ ያጎላል። ኢኤል84 በሙሉ ጉልበቱ ለመሥራት በግሪዱ ላይ ወደ 3.5 ቮልት ይፈልጋል፤ እንግዲህ በመግቢያው 0.06 ቮልት ገደማ ይበቃዋል። ስልክ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይሰጣል። ይህን ትርፍ ጉልበት ምን እናድርገው?

መልሱን ያገኘው ሃሮልድ ብላክ የተባለ የቤል ቤተ ሙከራ መሐንዲስ ነው። በነሐሴ 1927 አንድ ጠዋት በጀልባ የሃድሰንን ወንዝ እየተሻገረ ወደ ሥራው ሲሄድ ሐሳቡ መጣለት፤ በያዘው ጋዜጣ ገጽ ላይም ጻፈው። ከአምፕሊፋየሩ መውጫ ጥቂቱን ገልብጦ ወደ መግቢያው መመለስ። ጉልበት ይቀንሳል፣ ግን የተመለሰው ድምፅ ስሕተቱን ይዞ ስለሚመጣ አምፕሊፋየሩ የራሱን ስሕተት ያርማል። ይህ እርማት በፔንቶድ ላይ የግድ ነው እላለሁ። ፔንቶድ ያለ እሱ ስፒከሩን አጥብቆ አይዝም፤ ባሱ በአንድ ኖታ ላይ ይጮኻል፣ የክራሩ ወፍራም ክር ከተመታ በኋላ ድምፁ ቶሎ አይሰበሰብም። ስለዚህ ከትራንስፎርመሩ የስፒከር ወገን አንድ ሬዚስተር ወደ ኢሲሲ83 ካቶድ ይመለሳል። ጉልበቱ ወደ አራት እጥፍ ሲቀንስ፣ ማለት በ12 ዴሲቤል፣ ለሙሉ ድምፅ 0.25 ቮልት ገደማ ይበቃል። መጀመሪያ ሲበራ አምፕሊፋየሩ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ከለቀቀ ሽቦው ተገልብጧል ማለት ነው፤ ወዲያው አጥፍቶ የዚያን ትራንስፎርመር የስፒከር ወገን ሁለት ሽቦዎች ቦታ ማለዋወጥ ይበቃል።

በሻንሲው ላይ የብረቶቹ አቀማመጥ ከሽቦው ሥራ እኩል ያሳስባል። የኃይል ትራንስፎርመሩ በዙሪያው የ50 ኸርዝ መስክ ይረጫል፤ የድምፅ ትራንስፎርመሩ ያን ከተቀበለ ምንም ዓይነት ካፓሲተር አያጠፋውም። ከመብሳትዎ በፊት የኃይል ትራንስፎርመሩን ብቻ ያብሩ፤ በድምፅ ትራንስፎርመሩ የስፒከር ሽቦዎች ላይ የጆሮ ማዳመጫ ያገናኙና እያዞሩ ያዳምጡ። ጉምጉምታው የሚጠፋበት አቅጣጫ አለ፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ብረቶች እርስ በርስ በ90 ዲግሪ ሲቆሙ ነው። ያንን ምልክት አድርገው ከዚያ ይብሱ። የማሞቂያ ሽቦዎች ተጠምዝዘው በሻንሲው ጥግ ይሂዱ፣ የድምፅ መግቢያው ከኃይሉ ርቆ በሌላው ጫፍ ይሁን፣ የመሬት ሽቦዎች ሁሉ በአንድ ነጥብ ይገናኙ።

ስለ ደኅንነት። በዚህ ሳጥን ውስጥ 300 ቮልት የሚደርስ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ አለ፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም በካፓሲተሮቹ ውስጥ ይቆያል። በመጀመሪያው ካፓሲተር ላይ 220 ኪሎኦም ባለ 2 ዋት ሬዚስተር በቋሚነት ይበየድ፤ በሁለት ደቂቃ ገደማ ያጎድለዋል። ቢሆንም በቴስተር ዜሮ መሆኑ ሳይረጋገጥ እጅ አይግባ። ሲበራ መለካት ካስፈለገ አንድ እጅ ብቻ ይሥራ፣ ሌላው ከብረት ይራቅ። ሻንሲው በባለ ሦስት እግር ሶኬት ከመሬት ጋር ይገናኝ፤ በመግቢያው ባለ 0.5 አምፔር ቀስ ብሎ የሚቆረጥ ፊውዝ ይግባ። ብቻዎን ቤት ውስጥ ሆነው የመጀመሪያውን ሙከራ አያድርጉ።

የመጀመሪያው ማብራት ባለ 60 ዋት የክር አምፑል በሰልፍ ተያይዞ ይሁን። አጭር ዙር ካለ አምፑሉ ደምቆ ይበራል፣ ብረቱም ይተርፋል። መጀመሪያ ያለ ቫልቭ አብርተው ቮልቶቹን ይለኩ፤ ጭነት ስለሌለ ከፍተኛው ቮልት ከተሰላው ይበልጣልና ካፓሲተሮቹ ባለ 450 ቮልት ይሁኑ። ከዚያ ቫልቮቹን ያስገቡ። ስፒከር ወይም 8 ኦም ባለ 10 ዋት ሬዚስተር ሳይገናኝ ድምፅ በጭራሽ እንዳይገባ፤ ጭነት ያጣ የድምፅ ትራንስፎርመር በውስጡ ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል። አሁን በ210 ኦሙ ሬዚስተር ላይ የሚነበበውን ይዩ። 8.4 አካባቢ ከሆነ ቫልቩ በተመረጠለት ነጥብ ላይ ነው። 10 ካለፈ ያጥፉና ምክንያቱን ይፈልጉ። የመብራት ቮልት ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ይህ ልኬት ማታም ጠዋትም ይደገም፤ የአሮጌ ሬዲዮ ትራንስፎርመር የቮልት መምረጫ ስላለው ግድግዳው ከ230 በላይ የሚሰጥ ከሆነ ከ220 ከፍ ያለውን መምረጥ ቫልቮቹን ያሳርፋል።

4 ዋት ይበቃል ወይ የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር በ4 ዋት 96 ይደርሳል፤ ለሳሎን ከበቂ በላይ ነው። ለሠርግ ድንኳን አይሆንም። የሸክላ ማጫወቻ ማገናኘት የሚፈልግ የማግኔት መርፌ የሚሰጠው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ መሆኑን ይወቅ፤ በመካከል የራሱ ማጎልበቻ ያስፈልገዋል። ስለ ቫልቭ ድምፅ «ሙቀት» የሚባለውም ምሥጢር የለውም። ቫልቩ ጉልበቱ ሲያልቅ እንደ ትራንዚስተር በድንገት አይቆርጥም፣ ቀስ ብሎ ይጎብጣል፤ የሚጨምራቸው ድምፆችም በአብዛኛው የዋናው ኖታ እጥፎች ስለሆኑ ጆሮ አይጠላቸውም።

ሁለት ነገር እለምናለሁ። የሚሠራ ወይም በቀላሉ ሊጠገን የሚችል ሬዲዮ ለዚህ ሥራ አይፈታ፤ ሳጥኑ የተሰበረ፣ ማስተካከያው የጠፋ፣ ከጥቅም ውጭ የሆነ በቂ አለ። ሁለተኛው፦ የአውሮፓ ፋብሪካዎች የሬዲዮውን ሰርኪዩት በወረቀት አትመው በሳጥኑ ውስጥ ይተዉት ነበር፣ ዛሬ ልንጠግናቸው የቻልነው በዚያ ምክንያትም ጭምር ነው። እርስዎም ሥራውን ሲጨርሱ ሰርኪዩቱን በእጅዎ ይሣሉ፣ በየነጥቡ የለኩትን ቮልትና የትራንስፎርመሮቹን ንጽጽር ይጻፉበት፣ በታችኛው ክዳን ውስጥ ይለጥፉት። ከእርስዎ በኋላ የሚከፍተው ሰው ያስፈልገዋል።